«የሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ

ንግድ በእምነት የቆመ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ሆኖም ይኸው እምነት ዛሬ በአዲስ መንገድ የሚዘረፍ ስለ ሆነ፥ በአንድ የአስመጪ ንግድ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ያጋጠመኝን ለማካፈልና አሳቤን ለመግለጽ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ቀድሞ የነጋዴ ደብዳቤ በእጅ ጽሕፈቱና በማኅተሙ ይታወቅ ነበር። ዛሬ የምንጻጻፈው በኢሜይል ነውና የሁሉም ጽሕፈት መልኩ አንድ ነው። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ በር ሰብሮ አይገባም፤ የወዳጅን ስም ለብሶ ደብዳቤ ይጽፋል።

በ2016 ዓ.ም. ከውጭ አገር መለዋወጫ ለሚልክልን አንድ ድርጅት ቅድሚያ ክፍያ የምናስተላልፍበት ቀን ሲቃረብ አንድ ኢሜይል ደረሰን። የዕቃው ዝርዝር፥ ዋጋው፥ የአክብሮት ሰላምታው እንኳ ሳይቀር ትክክል ነበር። ነገር ግን በመጨረሻው ላይ «የባንክ ሒሳባችን በምርመራ ምክንያት ለጊዜው ስለ ታገደ፥ ገንዘቡ በአዲሱ ቁጥር ዛሬውኑ ይላክልን» ይላል፤ ማኅተም ያረፈበት አዲስ ፕሮፎርማም ተያይዞበታል። የንግድ ቤቱ ባለቤት በመንገድ ላይ ስለ ነበሩ በስልክ ብነግራቸው፥ ጭነቱ እንዳይዘገይ እንድፈጥን አዘዙኝ።

የባንኩን ወረቀት ሳዘጋጅ አዲሱ ሒሳብ የሚገኘው በሻጩ አገር ሳይሆን በሌላ አገር መሆኑን አስተዋልሁ። የላኪውንም አድራሻ ከቀድሞው ጋር ፊደል በፊደል ሳስተያይ፥ «ኤም» የተባለው የላቲን ፊደል ተነሥቶ በምትኩ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ተጽፈዋል፤ ዓይን ቸኩሎ ሲያልፍባቸው አንድ ፊደል ይመስላሉ። ወዲያው በቀድሞው ውላችን ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ደወልሁ። ሰዎቹ ሒሳባቸውን አልለወጡም፤ ያን ኢሜይልም አልጻፉም።

ሌባው የውላችንን ዝርዝር ከየት አገኘው? የዚህ ተንኰል የተለመደ መነሻ እንዲህ ነው፤ ከሁለቱ ነጋዴዎች አንዱ «ሰነዱን ለማየት የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» የሚል መልእክት ይደርሰውና በሐሰተኛ ገጽ ላይ ምስጢሩን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሌባው ድምፁን አጥፍቶ የሁለቱን መጻጻፍ ያነባል፤ የክፍያውም ቀን ሲቀርብ በመካከል ይገባል።

ይህ በትንንሽ ንግድ ቤቶች ላይ ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። አንድ የሊትዌንያ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 አንድ የታወቀ የታይዋን ዕቃ አቅራቢ መስሎ፥ በሐሰተኛ የክፍያ መጠየቂያ ከጉግልና ከፌስቡክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል፤ በ2019ም በኒው ዮርክ 5 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እነዚህ ድርጅቶች የተታለሉት የኮምፒዩተር ዕውቀት ጎድሏቸው አይደለም።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉድለት ከመሣሪያው ይልቅ በየቤታችን ሥርዓት ላይ ነው። ጸሐፊ ክፍያ ብታዘገይ ትወቀሳለች፤ ቶሎ ብትልክ ትመሰገናለች። ሌባውም የሚነግደው በዚህ ፍርሃት ነው። ስለዚህ የንግድ ቤት ባለቤቶች አንድ ደንብ እንዲያወጡ አሳስባለሁ፤ ይኸውም ባለቤቱ ራሳቸው ቢያዙ እንኳ፥ የተለወጠ የሒሳብ ቁጥር ቀድሞ በምናውቀው ስልክ በድምፅ ሳይረጋገጥ አንድ ብር እንዳይላክ ነው። በመጣው ኢሜይል ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ መደወል ግን ሌባውን ራሱን መጠየቅ ነው። «ደውሎ ማረጋገጥ ወዳጅን መጠራጠር ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ የደወልሁላቸው ሰዎች ግን አልተቀየሙም፤ አመሰገኑኝ እንጂ።

ላኪዎችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደሉም፤ ሌባው በእነርሱ ስም ለውጭ ገዥ ሊጽፍ ይችላልና። በክፍያ መጠየቂያቸው ላይ «የሒሳብ ቁጥራችንን በኢሜይል ብቻ አንለውጥም» የሚል ቃል ቢያትሙ ገዥው አስቀድሞ ይጠነቀቃል።

ባለሱቆች ደግሞ ደንበኛው «ከፍያለሁ» ብሎ የሚያሳየውን የስልክ መልእክት እንደ ገንዘብ አይቍጠሩ፤ መልእክት ይፈጠራልና። ዕቃው ከመሰጠቱ በፊት ገንዘቡ መግባቱን በቴሌብርም ሆነ በባንክ በራሳቸው ሒሳብ ላይ ይመልከቱ። «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ የምስጢር ቁጥር ለሚጠይቅ ሰውም መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው። በመልእክት የመጣ ማያያዣም ቢሆን አይነካ፤ ወደ ሒሳባችን የምንገባው ራሳችን በከፈትነው መተግበሪያ ይሁን።

ገንዘቡ አንዴ ከተላከ በኋላ ስሕተቱ ቢታወቅ፥ አሳፋሪ ነው ብሎ መደበቅ ሁለተኛ ኪሳራ ነው። በዚያው ሰዓት ለባንኩ ነግሮ ክፍያው እንዲታገድና እንዲመለስ መጠየቅ፥ ኢሜይሉንም ሳያጠፉ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ በተዛወረ ቍጥር የመመለሱ ተስፋ ይመነምናል።

የእኛ ቤት ባለቤት ከመንገድ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው፥ ትእዛዛቸውን ስላዘገየሁ አልተቈጡም፤ ደንቡ በጽሑፍ እንዲወጣ አደረጉ እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ተንኰል የፈሰሰው ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።