ባቡር በፎገራ ሜዳ

ልጆች ከካርቶን ባቡር ሲሠሩ አገሩንም አብራችሁ ሥሩላቸው። ባቡር ያልደረሰባት ወረታ ጥሩ መነሻ ናት።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ፤ ፎገራ በነሐሴ ውኃ፣ በኅዳር የደረሰ ሩዝ ነው። ቀጥሎ መጠኑን ወስኑ፤ በ1 ለ87፣ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሜዳው ዝርግ ነውና ተራራ አትከምሩበት።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሐዲድ ጉማራንና ርብን ይሻገራል። ወንዞቹ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁ ሐዲዱን በአፈር ከፍ አድርጉት። አፈሩ ውኃ ማሳለፊያ ከሌለው ግን የጎረቤትን ሩዝ ያሰጥማል። ስለዚህ ሙጫ ከመነካቱ በፊት ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ አያት በጣታቸው ያሳዩ፤ ልጁ እዚያ ድልድይ ይሥራ። ለደረሰው ሩዝ ጭድ፣ ለመንገዱ አሸዋ ይበቃል።