የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ይጠር ወይስ ከአዝመራው ጋር ይስማማ?

ሰኔ ተጋምሶ ዝናቡ መጠናከር ሲጀምር በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ትምህርት ቤቶች ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ተዘግተው መክረማቸው ተገቢ ነው ወይ? የሚለው ነው። ጥያቄው የመምህራንና የትምህርት ባለሥልጣኖች ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከአገራችን ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በገጠር በመሆኑ፣ የትምህርት ቀን አቆጣጠር ከእርሻ ቀን አቆጣጠር ጋር መስማማቱ ወይም መጋጨቱ ከማንም ይበልጥ የሚነካው የገበሬውን ቤተሰብ ነው። ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በጉዳዩ ላይ የጠራ አስተያየት ይዘው መገኘት ይኖርባቸዋል።

ዕረፍቱ ይጠር የሚለው አሳብ በቅርብ ዓመታት እንዲጠናከር ያደረገው የፈተና ውጤት ማሽቆልቆል ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ያየ ወላጅ ሁሉ «ልጆቻችን የሚማሩበት ጊዜ አንሷቸዋል» ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። አብዛኛው ተማሪ ለሚወድቅበት ፈተና ሁለት ወር ሙሉ ትምህርት ቤት መዝጋት ምን ይባላል? ሲሉ የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው።

ይህ አሳብ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ተማሪ ረጅም ጊዜ ከመጽሐፍ ከራቀ የተማረውን ይረሳል። በአሜሪካ ሐሪስ ኩፐር የተባሉት ምሁርና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ቀደምት ጥናቶችን ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ፣ ተማሪዎች ከረጅሙ የበጋ ዕረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደኋላ እንደሚቀሩ አመልክተዋል። በተለይ በሒሳብ ትምህርት የሚደርሰው መርሳት ከፍ ያለ ነው። በቤቱ የሚነበብ ነገር የሌለው የገጠር ሕፃን ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል ብሎ መገመት አይቻልም።

በሌላው ወገን ያሉት የሚያቀርቡት ምክንያትም ቀላል አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ሁለት ወንዝ ተሻግሮ የሚማር የሰባት ዓመት ሕፃን በዚህ ወቅት ወደ ትምህርት ቤት ይላክ ማለት ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ጎተራው የሚጎድለው፣ ቤተሰቡ አዲሱን እህል የሚጠባበቀውም በእነዚሁ ወራት ነው። የምገባ መርሐ ግብር በሌለበት ትምህርት ቤት ባዶ ሆዱን የተቀመጠ ተማሪ ብዙ ይማራል ተብሎ አይጠበቅም። በዚህ ላይ የጤፉ አረም አለ፤ ማሳው ሁሉ በተዘራበት ጊዜ ከብት ከአዝመራ የሚጠብቅ እረኛ ያስፈልጋል። መምህራንም ቢሆኑ ክረምቱን በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ደረጃቸውን የሚያሻሽሉበት ጊዜ አድርገውት ኖረዋል።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ይሁንና ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል። የገጠሩ ተማሪ ትምህርቱን አብዝቶ የሚያጣው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ፣ መምህሩ ቆሞ እያስተማረ፣ ተማሪው ግን ከአጨዳና ከአውድማ ላይ በሚውልበት ወቅት ነው።

ቀኑ የሚባክነው መቼ ነው?

በመኸር አብቃይ ወይና ደጋ ወረዳዎች ጤፉና ስንዴው ለአጨዳ የሚደርሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ነዶ መሰብሰቡ፣ መከመሩና መውቃቱ እስከ ጥር ይዘልቃል። በዚህ ወቅት ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ የዓመቱን ልፋት በአንድ ሌሊት ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ገበሬው ያለውን ጉልበት ሁሉ አሰባስቦ ወደ ማሳ ይወጣል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በገባባቸው አካባቢዎች የደረሰ እህል በዘመቻ የተሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። የወንበሮቹ ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚታየውም በእነዚህ ሳምንታት ነው።

በቡና አብቃይ አካባቢዎች፣ በሲዳማና በጌዴኦ፣ በጅማና በኢሉባቦር፣ ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚደርስ ሲሆን፣ የቀይ እሸት ለቀማ ደግሞ የልጆች እጅ የሚፈለግበት ሥራ ነው። በመተማ በኩል ከፍ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ክረምቱን ለሰሊጥ አረም በቀን ሥራ ያሳልፋሉ፤ አጨዳው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ስለሚቀጥል ብዙዎቹ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዘግይተው ይመለሳሉ፤ የማይመለሱም አሉ። በበልግ አብቃይ የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በልግ የሚሰበሰበው በሰኔና በሐምሌ በመሆኑ፣ አዝመራው የሚደርሰው ልክ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በሚሰጥበት ጊዜ ነው። የአንዱ ወረዳ ተማሪ በኅዳር ሲቀር የሌላው በሰኔ ይቀራል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በዓመቱ መግቢያና መውጫ ላይ በዝምታ የሚያልፍ ብክነት አለ። በወረቀት ላይ ዕረፍቱ ሁለት ወር ነው። በተግባር ግን በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ምዝገባው ወደ መስከረም ይገፋል፤ «መስቀል ይለፍ» ይባላል፤ እውነተኛው ማስተማር የሚጀመረው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መግቢያ ይሆናል። በሰኔም ፈተናው ካለቀ በኋላ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ያሉት ቀናት ባዶ ያልፋሉ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር የተባለው ዕረፍት ሦስት ወር ይሆናል።

ይህን በቁጥር እንየው። የትምህርቱ ዓመት 200 ቀን ያህል ነው እንበል። አንድ ተማሪ በመስከረም 10 ቀን፣ በአጨዳና በውቂያ 15 ቀን ቢያጣ 25 ቀን ይሆናል። ይህም የዓመቱ ትምህርት አንድ ስምንተኛ መሆኑ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ የሚባክነው ቢደመር የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት ይወጣዋል። 8ኛ ክፍል ደረሰ የምንለው ልጅ በእውነቱ የተማረው ሰባት ዓመት ነው ማለት ነው። ክረምቱ በሁለት ሳምንት ቢጠር እንኳ ይህ ጉድለት አይሞላም፤ ባዶ ወንበር የሚታይባቸው ሳምንታት እንዳሉ ይቀራሉና።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የትምህርት ዕረፍት ከአዝመራ ጋር ይስማማ ማለት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገጠር ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ የነበረው በብርዱና በሙቀቱ ወራት ሲሆን፣ የሚዘጉት በዘርና በአጨዳ ወቅት ነበር። ዛሬ የምናውቀው የረጅም ጊዜ ዕረፍት የመጣው ይበልጡን ከከተማ ኑሮ ነው። በስኮትላንድ በጥቅምት የሚሰጠው ዕረፍት እስከ ዛሬ «የድንች ዕረፍት» እየተባለ ይጠራል፤ ልጆች ድንች ለመልቀም ይወጡበት የነበረ ጊዜ ነውና። በእኛም አገር በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደር አካባቢዎች የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የትምህርት ሰዓታቸውን ከከብቱ እንቅስቃሴ ጋር እንዲያስማሙ ተደርገው የተቋቋሙ ናቸው። ለአርብቶ አደሩ የተፈቀደው ለአራሹ የማይፈቀድበት ምክንያት የለም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተለው ግልጽ ነው። ዋናው ጉዳይ ዕረፍቱን ማሳጠር ሳይሆን በቦታው ማዋል ነው። ለዚህም ሦስት እርምጃዎች ሊታሰቡ ይገባል።

አንደኛ፣ ምዝገባና የክፍል ድልድል በነሐሴ ተጠናቀው፣ ከአዲስ ዓመት በዓል በኋላ ባለው የመጀመሪያው ሰኞ ትምህርት በእውነት ይጀመር። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ የሚቆምበት፣ በብዙ የጤፍ ወረዳዎች አረሙ አልቆ አጨዳው ያልደረሰበት በመሆኑ፣ ለገጠር ልጅ ከዓመቱ ሁሉ የተመቸ የመማሪያ ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ለወሬና ለምዝገባ ማሳለፍ እርጥብ መሬት ሳይዘሩ እንደ መተው ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል የሚሰጠው አጭር ዕረፍት በየወረዳው አዝመራ በሚሰበሰብበት ሳምንት ይዋል። በጤፉ አገር በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ በቡናው አገር ለቀማው በሚበረታበት ጊዜ ይሁን። በበልግ ደጋ ደግሞ የሰኔው ፈተና ቀደም ብሎ ተሰጥቶ ተማሪው ለአጨዳው ይድረስ።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን የክረምት ወራት ፈጽሞ ባዶ አለማድረግ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ወደ ቀዬአቸው የሚመለሱ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡበት ልማድ አለ። በየመንደሩ ወንዝ ሳይሻገሩ በሚደረስበት ቦታ፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ንባብና ሒሳብ ቢሰጥ፣ መርሳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በሕመም ወይም በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው በቆዩባቸው አካባቢዎችማ ይህ በግዴታ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አይካድም። ብሔራዊና ክልላዊ ፈተናዎች የሚሰጡት በአንድ ቀን ስለሆነ የየወረዳው ቀን መለያየት ያስቸግራል ይባላል። ይህ ለፈተና ክፍሎች እውነት ነው፤ ስለዚህ እነርሱ ከአጠቃላዩ መርሐ ግብር ሳይወጡ በታችኞቹ ክፍሎች መጀመር ይቻላል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። የአጨዳ ዕረፍት ይሰጥ ሲባል ሕፃናትን ከአቅም በላይ ለማሠራትና ለቀን ሠራተኝነት ለማከራየት ፈቃድ የተሰጠ የሚመስለው ወላጅ ሊኖር ይችላል። ልጅ ነዶ ማቀበሉና ለሠራተኛ ውሃ ማድረሱ ከቤተሰብ ጋር መሥራት ነው፤ ለሌላ ሰው በደመወዝ መቀጠር ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የተከለከለ ነው። ልጃገረዶችም በዕረፍት ሰበብ ከትምህርት ቤት ቀርተው ለጋብቻ እንዳይታጩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዕረፍቱ ሲያልቅ የተመለሰውንና ያልተመለሰውን ልጅ በስም ቆጥሮ የሚያውቅ አካል ከሌለ የታሰበው ጥቅም ወደ ጉዳት ይለወጣል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ድርሻ

ይህ ቆጠራ የሚሳካው በመንደሩ ሰው እንጂ በወረዳ ጽሕፈት ቤት አይደለም። የገበሬ ማኅበር የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ ጊዜ ጀምሮ ሕዝቡ በጋራ ጉዳዩ ላይ የሚመክርበት ስም ሆኖ ኖሯል። ዛሬ አስተዳደሩ ቀበሌ፣ የእርሻ ሥራው ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢባልም፣ ኃላፊነቱ ያው ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በገጠር ጣቢያ ያሠሩት፣ ተማሪ የመዘገቡትና የቀረውን የቀሰቀሱት የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። ያኔ ለጎልማሳው የተደረገው ዛሬ ለልጁ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ መሪዎች ከሁሉ በፊት የአካባቢያቸውን የሥራ ወራት ከትምህርት ቤቱ የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ ጋር አስተያይተው፣ ልጆች የሚጎድሉባቸውን ሳምንታት ለይተው ይወቁ። ከዚያም በቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ። የትምህርት ቀን አቆጣጠር የሚወጣው በክልል ትምህርት ቢሮ በመሆኑ፣ ከብዙ ቀበሌዎች በማስረጃ የተደገፈ ጥያቄ ሲደርስ የሚሰማ ጆሮ ማግኘቱ አይቀርም።

ፈቃድ ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችልም አለ። ብዙውን ጊዜ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው ጉልበት ያጠረው ቤት ነው። ባሏ የሞተባት፣ አባወራው የታመመበት ወይም ለሥራ የራቀበት ቤተሰብ ከልጁ ሌላ እጅ የለውም። ለእንዲህ ያሉት ቤቶች ቀድሞ ደቦ ማውጣትና ወንፈል ማደራጀት የአንድ ስብሰባ ውሳኔ ብቻ የሚጠይቅ ነው። አንድ ቀን የወጣ ደቦ ለአንድ ልጅ የሁለት ሳምንት ትምህርት ሊያተርፍ ይችላል።

«አንድ ሰኔ የነቀለውን ሰባት ሰኔ አይመልሰውም» ይባላል። ገበሬው በዘር ወቅት የተዛነፈ ቀን ዓመቱን ሙሉ እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ያውቃል። በልጅነት የባከነ የትምህርት ቀንም እንዲሁ ነው። የትምህርቱ ቀን አቆጣጠር ከአዝመራው ጋር እንዲስማማ ማድረግ፣ ልጁን ከሁለት ጌታ አገልጋይነት ማውጣት ነው። ይህንንም ለማስፈጸም መጪውን አዝመራ ሳይጠብቁ ከአሁኑ መነጋገር ይገባል።