ሐኪም ቤት ፖሊስ ጣቢያ አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ግን ተናግሮ የሚዋረድ፣ ሲብስም የሚታሰር ሰውስ ምን ያድርግ?

የማወራው ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነው። ገና ቃሉን ስታዩ ፊታችሁን ያዞራችሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ ጽድቅና ኩነኔ ውስጥ አልገባም፤ የማነሳው የምርመራ ክፍሉን ነው።

እንበል አንድ ወጣት ለመናገር የሚያሳፍር ቦታ አመመውና ጤና ጣቢያ ሄደ። «ከማን ጋር ነበርክ?» ሲባል «ከሴት ጓደኛዬ» ይላል፤ የሚያመውንም ቦታ ይደብቃል። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው ምልክቱ እየታየና እየተጠየቀ ነው። ስለዚህ የሕመምተኛው ቃል ግማሽ ምርመራ ነው። ጨብጥ ፊንጢጣንም ጉሮሮንም ይይዛል፤ ያልተጠየቀና ያልተነገረ ቦታ ግን ማንም አያይም። ልጁ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። ነገ ቤተሰብ ገፋፍቶ ቢድረው ደግሞ ሚስቱም ትካፈለዋለች።

«እና ምን እናድርግ፣ ሕጉ ነው!» የሚሉ አሉ። እሺ፣ ሕጉን እንግለጠው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል። ይኸው ሕግ ግን በአንቀጽ 399፣ ሐኪም ወይም ነርስ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ያለፈቃድ ወይም ሕግ ሳያስገድደው ቢያወጣ ይቀጣል ይላል። «ወንጀል የመጠቆም ግዴታ አለብኝ» የሚል ካለ አንቀጽ 443ን ያንብብ። እዚያ ዝምታ የሚያስቀጣው ሕግ ወይም የሙያ ደንብ ማሳወቅን ሲያስገድድ፣ ወይም ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። 629 እዚያ አይደርስም።

ኡጋንዳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ከባድ ሕግ ሰዎች እንዲጠቁሙ ያስገድድ ነበር። በ2024 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሕግ አጽንቶ፣ ይህን የመጠቆም ግዴታ ግን ሰረዘው። ሕጉን የደገፉ ዳኞች እንኳ የጤና መብትን ሲያዩ ቆም አሉ።

«በሽታ ነው፣ እንፈውሳቸው» ለሚሉም መልሱ የቆየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግብረ ሰዶማዊነትን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሰላሳ አምስት ዓመት አልፎታል። ነጭ ጋዋን ለብሶ ስብከት መጀመር ሕክምና አይባልም።

ነገ ጋዋን ለምትለብሱ እኩዮቼ የምለው አጭር ነው። በሩን ዝጉ። «ከሴት፣ ከወንድ ወይስ ከሁለቱም?» የምትለዋን ጥያቄ ለሁሉም ሰው በእኩል ድምፅ ጠይቁ። መልሱን ሰምታችሁ ባልደረባችሁን «ና እየው» ብላችሁ አትጥሩ። ሃይማኖታችሁን ማንም ለውጡ አላላችሁም። ፊታችሁ የተቀመጠው ሰው አሞት ነው የመጣው፤ አክሙት።