የእጅ ስልክ ሙቀትና የልጆች ጨዋታ

ልጆቻችን ዛሬ ከገበጣና ከድብብቆሽ ይልቅ በእጅ ስልክ የሚጫወቱትን ጌም የሚወዱ መሆናቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። ጨዋታው ስለሚፈጀው ጊዜና በጠባይ ላይ ስለሚያመጣው ነገር ብዙዎች ይናገራሉ። እኛ ግን በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን፣ አያሌ ወላጆች በየቀኑ እያዩት ምክንያቱን ያልመረመሩትን አንድ ነገር ልናስረዳ አስበናል፤ ይኸውም ጨዋታው ጥቂት እንደ ቆየ ስልኩ እንደ ምጣድ የሚግልበትና ፍጥነቱም የሚቀንስበት ምክንያት ነው። ነገሩ የልጅን እጅና የቤትን ገንዘብ የሚነካ ስለ ሆነ አባትና እናት ሊያውቁት ይገባል።

በስልክ ውስጥ ሒሳቡን የሚያሰላው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል። መጠኑ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ በውስጡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ በሮች አሉት። እነርሱም ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚፈጁት ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል። ፍጥነቱ ይጨመር የተባለ እንደ ሆነ ቮልቴጁም አብሮ ከፍ ማለት አለበት፤ የሚፈጀውም ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ ሳይሆን፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ጭምር ያድጋል። ለምሳሌ ፍጥነቱ ከመቶ 20 እጅ ቢጨመርና ለዚሁ ሲባል ቮልቴጁ ከመቶ 10 እጅ ከፍ ቢል፣ ሙቀቱ ከመቶ 45 እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በመጨረሻ የምትታከለው ጥቂት ፍጥነት ከሁሉ ይልቅ ዋጋዋ ውድ ነው።

ትልቁ ኮምፒውተር ሙቀቱን የሚያስወጣበት ማራገቢያ አለው፤ የእጅ ስልክ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ማራገቢያ የለውም። ሙቀቱ መውጫ የሚያገኘው በጀርባውና በዙሪያው በኩል ስለ ሆነ፣ ተቀባዩ የልጁ መዳፍ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ የሙቀት መለኪያ በውስጡ አኑረው፣ ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ፕሮሰሰሩ በገዛ ራሱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ አድርገዋል። ልጁ «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ የሚማረረው በዚህ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ራሱን መጠበቁ ነው እንጂ መበላሸቱ አይደለም። አቀበቱን በግልቢያ ያስጀመሩት በቅሎ መንገዱን ሳያጋምስ መድከሙ የታወቀ ነው። አባቶችም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ።

በዚህ ነገር አንድ ታላቅ ኩባንያ የደረሰበትን መመልከት ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. የኮሪያው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 22 የተባለውን ስልክ ባወጣ ጊዜ፣ ጌሞች ሲከፈቱ የስልኩን ኃይል የሚቀንስ አንድ ፕሮግራም በውስጡ እንዳለ ገዢዎች ደረሱበት። የስልክን ፍጥነት የሚፈትኑት ፕሮግራሞች ግን በዚያ አይነኩም ነበር። ስለዚህ ፈተናው የሚያሳየው ፍጥነትና ልጁ በጨዋታ የሚያገኘው ፍጥነት ሳይተካከሉ ቀሩ። ጊክቤንች የተባለውም የፍጥነት ፈታኝ የኩባንያውን አያሌ ስልኮች ከመዝገቡ አወጣ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት በማርች ወር ይቅርታ ጠየቀ፤ ምርጫውንም ለባለቤቱ የሚተው ማሻሻያ ሰጠ። ልብ እንበል፤ ሙቀትን ለመከልከል ኃይልን መቀነስ በራሱ ነውር አልነበረም። ሰውን ያስቆጣው ሳይነገረው መደረጉ ነው።

እንግዲህ ኃይሉን በግልጥና በልክ ለመወሰን የሚረዳውን ብልሃት ቀጥለን እንጽፋለን። አስቀድሞ በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በሰከንድ የሚታዩትን ሥዕሎች ቁጥር ከ60 ወደ 30 ማውረድ ነው። በ60 ጊዜ ፕሮሰሰሩ አንዱን ሥዕል ለመሥራት ያለው ጊዜ ከሰከንድ ሺህ እጅ 17 ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ30 ጊዜ ግን 33 ያህል ያገኛል። ዓይንም አንዴ ከሚፈጥን አንዴ ከሚንቀረፈፍ 60 ይልቅ ሳያቋርጥ የሚሄደውን 30 ይመርጣል። ሁለተኛው የሥዕሉን ጥራት መቀነስ ነው። ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ቢወርድ፣ የሚሠሩት ነጥቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳሉ፤ ይህም ከግማሽ ያነሰ ሥራ ነው። ሦስተኛው የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ፣ ከቨሩንም ማውለቅ ነው። አራተኛው ቻርጅ እያደረጉ አለመጫወት ነው፤ ባትሪው ሲሞላ የራሱን ሙቀት ስለሚጨምር ሁለት እሳት በአንድ ምድጃ ይሆናል።

ስልኩን በፀሐይ ወይም በትራስና በብርድ ልብስ ላይ ማኖር አይገባም። አፕል ኩባንያ አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ እንዲሠራበት ይመክራል፤ በቆላ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ይህን ማስታወስ አለባቸው። የጋለውንም ስልክ በፍሪጅ ውስጥ መክተት ጉዳት አለው፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ በውስጡ ጤዛ ያመጣልና። አንዳንድ ወጣቶች የሠሪውን ቁልፍ ሰብረው የሙቀቱን ገደብ ለማንሣት ይሞክራሉ። ይህ ዋስትናን የሚያፈርስ ከመሆኑም በላይ መጠበቂያውን ማንሣት ስለ ሆነ ሊፈቀድላቸው አይገባም። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ሲገፋ የታየ እንደ ሆነም ስልኩን አጥፍቶ፣ ሳይወጉና ሳይጫኑ ወደ ባለሙያ መውሰድ እንጂ ለልጅ መልሶ መስጠት ከቶ አይገባም።

በመጨረሻም ወላጆች ይህን ሁሉ ልጁ ተኝቶ ሳለ በስውር እንዳያደርጉት እንመክራለን። አጠገባቸው አስቀምጠው ምክንያቱን ይንገሩት። በፊተኛው ሴቲንግ 20 ደቂቃ፣ ስልኩም ከበረደ በኋላ በአዲሱ 20 ደቂቃ ተጫውቶ ልዩነቱን ራሱ ይፍረድ። ምክንያቱ የተነገረው ልጅ ገደቡን እንደ ቅጣት አይቈጥረውም፤ ሳይነገረው የተገደበ ግን፣ ገደቡ ለጥቅሙ እንኳ ቢሆን፣ ያወቀው ዕለት እንደ ተታለለ ይቈጥረዋል። ታላቁ ኩባንያ ከገዢዎቹ የተማረውን እኛ በቤታችን ከልጆቻችን ለመማር መጠበቅ አይገባንም።