ሳተላይቱ ያየውን እሳት ለቀበሌው ማን ይንገረው?

በበጋ ጠዋት ከባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ያለ ሰው የዘጌን ዛፎች አጥርቶ የማያይበት ቀን አለ። አንዱ ጉም ነው ይላል፣ ሌላው አቧራ ነው ይላል። ጭስ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ከታች ለቆመ ሰው ሦስቱም ይመሳሰላሉ። ከላይ ለሚያይ ሳተላይት ግን ይለያያሉ።

አሠራሩን ለመረዳት አይከብድም። አንዳንዶቹ ሳተላይቶች ከዋልታ ወደ ዋልታ እየዞሩ በየቀኑ በእኛም ሰማይ ያልፋሉ፤ የሚነድ ነገር የሚለቀውን ሙቀት ለይተው በካርታ ላይ በነጥብ ያሳያሉ። የአውሮፓው ሜትዮሳት ደግሞ ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ አፍሪካን ሳያቋርጥ ይመለከታል። በየጥቂት ደቂቃው የተነሡ ምስሎቹ ሲደረደሩ ጭሱ ወዴት እንደሚነዳ ይታያል። እ.ኤ.አ በ2017 የመጠቀው ሴንቲኔል 5ፒ ከጭስ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለካል። ይህ ጋዝ በአየር ላይ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ ጭሱ ለዓይን ከጠፋ በኋላም ዱካው ይገኛል። በሰኔ 2015 ዓ.ም መባቻ የካናዳ ደን ጭስ ድንበር ተሻግሮ ኒው ዮርክንና ዋሽንግተንን ሲሸፍን፣ በዚያው ወርም አትላንቲክን አቋርጦ አውሮፓ ሲደርስ የተከታተሉት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

የካናዳው በዓለም ዜና ተወራለት። በየዓመቱ በዓለም ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን በአፍሪካ ነው፤ አብዛኛውም ሣርና ቁጥቋጦ ነው። በበጋ ወራት ከደቡብ ሱዳን እስከ ምዕራብ አፍሪካ ካርታው በነጥብ ይሞላል። የእኛም መተማና ቋራ ከዚህ ውጭ አይደሉም። በዚያ ወቅት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ አብዛኛውን ጭስ ወደ ምዕራብ ይገፋዋል። ከተማ ያለን ሰዎች ስለማናሸተው ጉዳዩ የእኛ አይመስለንም። የሚነደው ግን የከብት መኖ ነው፣ ንብ የሚቀስመው አበባ ነው፣ ገና ያልጠነከረ የዕጣን ዛፍ ችግኝ ነው። የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ እሳት ደግሞ የድንበር ምልክት አያይም።

በ2011 ዓ.ም መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ መጀመሪያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ጓሳውና አስታው ነደደ። የአካባቢው ሕዝብ ገደሉን እየወጣ በቅጠልና በአፈር ታገለ። እሳቱ ሰው በማይደርስበት ገደል ሲገባ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪመጡ መጠበቅ ግድ ሆነ። ያን ጊዜም ሳተላይቶቹ በላያችን ያልፉ ነበር። እሳት የሚሸነፈው ገደል ሳይገባ ገና ትንሽ ሳለ ነው። እዚህ ላይ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

የአሜሪካው ናሳ ፈርምስ በሚባለው አገልግሎቱ የእሳት ነጥቦችን በነጻ ያወጣል። የምትፈልገውን አካባቢ ከልለህ ከተመዘገብክ መልእክት በኢሜይል ይልክልሃል። አንዱ መሣሪያ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፋል፤ መረጃው ብዙውን ጊዜ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ይህ ማለት ወደ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሳይጨልም ቀበሌ ለመድረስ ጠባብ ቢሆንም ጊዜ አለ። አገራችን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም የመጀመሪያ ሳተላይቷን ስታመጥቅ ደስ ብሎን ነበር። ለዚህ ሥራ ግን የራስን ሳተላይት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ኢሜይል የሚከፍት አንድ ባለሙያ ይበቃል።

ኔትወርክ ያጣ ወረዳ ኢሜይል ሊከፍት አይችልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ስለዚህ ተመዝጋቢው ግንኙነት ያለው የዞን ወይም የክልል ቢሮ ይሁንና መልእክቱን በስልክ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወረዳው ለቀበሌው ያድርስ። ስልክም ካልሠራ መልእክተኛ መላክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። ስለ ሳተላይት ለአርሶ አደር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጥያቄ «ማን እንዳነደደው ሊነግርብን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተሻለው የእሳት መረጃ አንዱ ነጥብ 375 ሜትር በ375 ሜትር፣ ማለትም 14 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ብዙ አርሶ አደር ያለው መሬት ከአንድ ሁለት ሄክታር በማይበልጥበት አገር በአንድ ነጥብ ሥር የስንት ሰው ማሳ እንደሚገባ አስቡት። ደመና ሲኖር እሳቱ አይታይም፤ ትንሽ እሳትም ያልፋል፤ ሳተላይቱ ካለፈ በኋላ የተነሣው እስከ ሌሊት ድረስ አይታወቅም። በዚህ መረጃ ሰውን መክሰስ ስሕተት ነው፤ አንድ ቀን ከተሞከረ ደግሞ ማንም እሳት አየሁ ብሎ አይደውልም። የወረዳ አመራሮች ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ቢናገሩ ይሻላል።

ገበሬው የሚያነድደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ለሰሊጥ መሬት ይመነጥራል፣ አዲስ ሣር እንዲበቅል ይፈልጋል፣ ማር ይቆርጣል። ዝም ብሎ መከልከል እሳቱን ወደ ሌሊት ከመግፋት ሌላ ያመጣው ነገር አላየሁም። ማንደድ የግድ ሲሆን ነፋስ በረድ ባለበት ሰዓት፣ ዙሪያው ተመንጥሮ፣ ጎረቤት ተጠርቶና ለልማት ሠራተኛው ተነግሮ ቢሆን፣ በካርታው ላይ የሚታየው ነጥብ የታወቀ ነው ወይስ ያመለጠ የሚለውን ቀበሌው ወዲያው ይመልሳል።

የቆላው ሣር መድረቅ የሚጀምረው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከዚያ በፊት የየቀበሌውን ስልክ ቁጥር መሰብሰብና አንድ ባለሙያ መመደብ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።