ልጆች በቤት ውስጥ ስለሚያደርጉት የኤሌክትሪክና የማግኔት ሙከራ

ልጅ የሚጠይቀው ነገር እንደ ከንቱ ተቈጥሮ ዝም በል የተባለ እንደ ሆነ፥ ጥያቄው አይጠፋም፤ መልሱን ከአደገኛ ስፍራ ይፈልጋል እንጂ። ባለፈው በጋ በገርጂ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ተጋብዘን ሳለን ይህንኑ በዓይናችን አየን። የሰባት ዓመት ልጁ በጨለማ የሱፍ ሹራቡን ሲያወልቅ ብልጭታ አየና፥ «ይህ በግድግዳው ውስጥ ካለው ኤሌክትሪክ ጋር አንድ ነውን?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ታላላቆቹ በጨዋታ ተይዘን ስለ ነበር የመለሰለት አልተገኘም። ጥቂት ቈይቶ ምስማር ይዞ ወደ ሶኬቱ ሲጠጋ እናቱ ደርሳ እጁን ያዘችው። ስለዚህ ያን ጊዜ ልንሰጠው ይገባን የነበረውን መልስ ዛሬ ለወላጆች ሁሉ እንጽፋለን።

መጀመሪያ፥ ቅባት በሌለው ደረቅ ጠጕር ላይ የፕላስቲክ ሚዶ ሃያ ጊዜ ያህል አመላልሱ፤ ከዚያም በደቃቁ ወደ ተቀደደ ወረቀት አቅርቡት። ወረቀቱ ዘሎ ይጣበቅበታል። እንደ ክር ቀጥኖ ከቧንቧ ወደሚወርድ ውሃ ብታስጠጉትም ውሃው ወደ ሚዶው ይጐብጣል። ምክንያቱም ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ ኤሌክትሮን የሚባሉት እጅግ ረቂቅ ነገሮች ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ስለሚተላለፉ ነው። ይህ ሙከራ በበጋ ይሠምራል፤ በክረምት ግን አየሩ ስለሚረጥብ ኃይሉ ቶሎ ይባክናል።

ለልጁም እንዲህ ይነገረው። ሁለቱ በባሕርያቸው አንድ ናቸው፤ በመጠናቸው ግን እጅግ ይለያያሉ። የሹራቡ ብልጭታ ግፊቱ በብዙ ሺህ ቮልት ቢቈጠርም ጥቂት ስለ ሆነ በቅጽበት ያልቃል። የግድግዳው 220 ቮልት ግን ያለ ማቋረጥ ስለሚመጣ ሰውን ይገድላል። ይሁን እንጂ ትንሹም ብልጭታ በነዳጅ አጠገብ አይናቅም። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ከደመናና ከአቧራ ጋር ሲፋተጉ የሚሰበሰብባቸውን ኤሌክትሪክ ወደ አየር የሚያፈሱ ቀጫጭን ዘንጎች በክንፋቸው ጫፍ አላቸው፤ ነዳጅ ሲሞላላቸውም ከነዳጁ መኪና ጋር በሽቦ ይያያዛሉ።

ሁለተኛው ሙከራ የማግኔት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት የልብስ መርፌን ሠላሳ ጊዜ ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሹት። መርፌውንም በስስ ቡሽ ላይ አድርጋችሁ በሸክላ ሳህን ውሃ ላይ አንሳፉት። ዞሮ ዞሮ በሰሜንና በደቡብ መካከል ይቆማል። የቦሌ መንደርደሪያ ቍጥሮች 07 እና 25 መሆናቸው ከዚሁ የመጣ ነው፤ ይኸውም አውሮፕላኑ በኮምፓስ ወደ 70 ወይም ወደ 250 ዲግሪ ገደማ እንደሚያመራ ያመለክታል።

ሦስተኛው ለሀገራችን የተለየ ነው። ማግኔት ያልነካውን መርፌ በወገቡ በክር አንጠልጥላችሁ ሚዛኑን ካስተካከላችሁ በኋላ እንደ ፊተኛው አሹት። በለንደን ቢሆን የሰሜኑ ጫፍ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ ምድር ባዘቀዘቀ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ሊጋደም ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ከተማችን ለምድር ማግኔት ወገብ ቅርብ ናትና። አባ ፒየር ጉዋን የመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ጥናት ጣቢያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ይህ የስፍራው ቅርበት ለማግኔት ልኬት ታላቅ ዋጋ ነበረው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ትንንሽ ማግኔቶች ከሕፃናት ይራቁ። ሁለት የዋጠ ልጅ ማግኔቶቹ በሆዱ ውስጥ ተሳስበው አንጀቱን ሊበሱበት ስለሚችሉ፥ ሕመም ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የወዳጃችን ልጅ አሁን ምስማሩን ትቶ ሚዶውን ይዟል። ለዚህም ያበቃው ቍጣ ሳይሆን፥ በማግሥቱ ከአባቱ ጋር በአንድ ሳህን ውሃ ዙሪያ የተቀመጠባት ግማሽ ሰዓት ናት።