በውዱእ የምንቆጥበውን በላቦራቶሪ አናፍስስ



ውዱእ ላይ ቧንቧ ከፍቶ የሚያወራ ወንድም ቢኖር፣ ከጎኑ ያለው «ኧረ ኢስራፍ ነው!» ይለዋል። ያው ወንድም ከዙህር በኋላ ላቦራቶሪ ገብቶ አሲድ ያለ ልክ ሲያተን ግን የሚናገረው የለም። የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሆንን የጀመዓው አባላት ይህን የምንጽፈው ለዚህ ነው፤ ወቀሳውም ከራሳችን ይጀምራል።

ከሌላ ትምህርት ክፍል ላላችሁ በአጭሩ እናስረዳ። በቡና ወይም በጎመን ውስጥ ምን ያህል እርሳስና ካድሚየም እንዳለ ለመለካት ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ጥርት ያለ ፈሳሽ መሆን አለበት። የለመድነው መንገድ ግማሽ ግራም በሚሆን ዱቄት ላይ ያልተበረዘ ናይትሪክ አሲድና ፐርክሎሪክ አሲድ ጨምሮ ለሰዓታት ማፍላት ነው። የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ፐርክሎሪክ አሲድ ደግሞ ከኦርጋኒክ ነገር ጋር ሲደርቅ ሊፈነዳ ይችላል።

30 ናሙና ሦስት ሦስት ጊዜ ቢሠራና ለእያንዳንዱ 6 ሚሊ ሊትር አሲድ ቢገባ 540 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ያውም ለአንድ ተማሪ። ለምን 6 ሆነ? ብዙዎቻችን የምንመልሰው፣ ከእኛ በፊት የተመረቀ ሰው ጽሑፍ ላይ ስላገኘነው ነው። ይህ ጭፍን ተቅሊድ እንጂ ምርምር አይደለም።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ የሁለት እጅ እፍኝ ያህል ነው። የሥራ ሙሉነት በሚፈሰው ብዛት እንደማይለካ ከዚህ እንማራለን።

ኬሚስትሪውም ይህንኑ ያሳያል። በብራዚል የሳኦ ካርሎስ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲው ዦዋኪም ኖብሬጋና ባልደረቦቻቸው በተዘጋ የማይክሮዌቭ ዕቃ ውስጥ የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ብዙ ዓይነት ናሙና እንደሚያሟሟ አሳይተዋል። ምስጢሩ ዕቃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው፤ የወጣውን ጋዝ መልሶ ወደ አሲድነት ያመጣዋል። ትርፉም ለአካባቢ ብቻ አይደለም። አሲዱ ሲያንስ ከአሲዱ ራሱ የሚገባው ብክለት ይቀንሳል፤ ከመለካት በፊት ብዙ መበረዝ ስለማያስፈልግም ጥቂቷ እርሳስ አትጠፋም።

«እኛ ጋ መሣሪያው የት አለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ነገር ግን የናሙናውንና የአሲዱን መጠን አብሮ መቀነስ መሣሪያ አይጠይቅም። በፐርክሎሪክ አሲድ ፋንታ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይበቃ እንደሆነ አማካሪን መጠየቅም ገንዘብ አያስወጣም፤ እሱ ሲፈርስ የሚተወው ውሃና ኦክስጅን ነው። ሙቅ ናሙና ላይ ማፍሰስ ግን አደገኛ ስለሆነ ናሙናው ይቀዝቅዝ፣ የሚያውቅ ሰውም አብሮ ይኑር።

ቁጠባው ውጤቱን ማበላሸት የለበትም። የታወቀ መጠን ያለው ብረት ናሙናው ላይ ጨምረን መልሰን ካላገኘነው ዘዴው አልሠራም ማለት ነው፤ ያንን ደብቆ ቁጥር መጻፍ ከኢስራፍ የከፋ ውሸት ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ጭስ መሳቢያው በደንብ በማይስብበት ቀን ያንን አየር የሚተነፍሱት ዕቃ የሚያጥቡልን እናትም ናቸው። ማጠቢያው ላይ የደፋነው ወዴት እንደሚወርድ ደግሞ ጠይቀን አናውቅም። እርሳስ አለበት ወይ ብለን የምንመረምረው ጎመን የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ቢሆንስ? አሲዱን በሶዳ ማርገብ ብቻውን እርሳሱን አያጠፋውም፤ ተለይቶ በጠርሙስ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ ፕሮፖዛል የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከትንሹ መጠን ተነሥታችሁ ለመፈተን መድቡት። ላቦራቶሪው አማና ነው፤ ስለ አማና ደግሞ እንጠየቃለን።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። አሚን።